«ወደኛ ዙር!»

ፊልሙን ያየሁት ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ፍላሿን ላፕቶፔ ላይ ሰክታ «ጋሼ፣ ይሄን ሳታይ ሁለተኛ ስለ ተማሪ እንዳትጽፍ» ብላኝ ወጣች። ትእዛዝ ነው። ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሁለት ሰዓት የማይሞላ ፊልም ለመጨረስ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ለምን እንደፈጀብኝ እነግራችኋለሁ።

«ቴምፕል ግራንዲን» ይባላል። ኤች.ቢ.ኦ. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው፣ ሚክ ጃክሰን ያዘጋጀው ፊልም ነው። ክሌር ዴንስ ዋናዋን ሴት ትጫወታለች፤ ያጨበጨቡላት ወደው አይደለም። ታሪኩ የእውነተኛ ሰው ነው። ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በ1947 ቦስተን ውስጥ ተወለደች። ኦቲዝም አለባት። ሦስት ዓመት አልፏትም አፏን አልፈታችም ነበር። ሐኪሞቹ «ማሳደጊያ ትግባ» ሲሉ እናቷ እምቢ አለች፤ አስተማረቻት። ኋላ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆናለች።

ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት አሪዞና ውስጥ አክስቷ የከብት እርባታ ዘንድ ትከርማለች። እዚያ ከብት ሲከተብ ግራና ቀኝ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ መያዣ አለ። ሲፈራገጥ የነበረው ከብት እዚያ ውስጥ ሲገባ ጸጥ ይላል። እሷ ሰው ሲያቅፋት የምትሸሽ ልጅ ናት፤ ግን ስትሸበር የሚይዛት ነገር ትፈልጋለች። ስለዚህ ለራሷ ተመሳሳዩን ከእንጨት ትሠራለች። ኮሌጅ ስትገባ ዶርሟ ውስጥ ትተክለዋለች። አስተዳደሩ ይደነግጣል። ነውር ነገር ይመስለዋል፤ «ይነሣ» ይባላል። ልጅቱ አላለቀሰችም። ሌሎች ተማሪዎችን እያስገባች፣ ምን እንደተሰማቸው እየመዘገበች ጥናት ሠራች። በወረቀት አስረግጣ መያዣዋን አስመለሰች።

የመጀመሪያውን ምሽት ፊልሙን ያቆምኩት እዚህ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። በሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረኝ። ሁለት ሰዓት ሲል ይገባል፤ ሁለት ሰዓት ከአንድ ብሎ ነገር የለም። አንድ ቀን ክፍል ተቀይሮ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ስንማር፣ እሱ ባዶው የድሮ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ተገኘ። የክፍል ለውጡ ማስታወቂያ የተለጠፈው በዋዜማው ማታ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ሲያናግሩት ፊት አያይም። ይህን እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ወድጄለት ነበር። መቼም እኛ ዘንድ የታላቁን ዐይን ትክ ብሎ የማያይ ልጅ ጨዋ ነው፤ የተቀጣ፣ አንገቱን የደፋ። ዝም አይነቅዝም። አሁን ሳስበው ስንቱ ልጅ በዚህ ጨዋነት ተሸፍኖ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይጨርስ ይሆን? ቤተሰቡም አያውቅ፣ መምህሩም አያውቅ። ጉዱ የሚፈላው ግቢ ሲገባ ነው። እኛ መምህራኑ ከየትም ቀድተን ባመጣነው የውጤት መስጫ ቅጽ ላይ «አይ ኮንታክት» የሚል መስፈርት አለ፤ አምስት ነጥብ ይይዛል። ዕድሜውን ሙሉ «ሰው ላይ አታፍጥ» ሲባል ያደገን ልጅ፣ በአንድ ሴሚስተር «ለምን አላፈጠጥክም?» ብለን ነጥብ እንቆርጥበታለን።

የፕረዘንቴሽን ተራው ደረሰ። የደረሰው ርእስ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው ጉዱ ካሣ ነበር። ልጁ ወጣና ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። ከዚያ መናገር ጀመረ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ የኖረ መሆን አለበት፤ ድምፁ ከፍም ዝቅም ሳይል፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ለሰሌዳው ያወራል። የሚለው ነገር ደግሞ ትክክል ነው። ሊቅ ነበር እያልኳችሁ አይደለም። ሌሎች ሥራዎቹ መካከለኛ ነበሩ። ግን ያን ቀን የሚለውን ያውቅ ነበር። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተነሣ።

«ወደኛ ዙር!» አልኩት።

አልዞረም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ሁለት እጁን ጆሮዎቹ ላይ አደረገ። በሩ ቅርብ ነው፤ ወጣ። ከሃያ አራት ሰጠሁት።

በማግስቱ የዶርም ጓደኛው ቢሮዬ መጣ። ከሌላ ትምህርት ክፍል ነው፤ አላውቀውም። «ቲቸር፣ በጽሑፍ ቢጠይቁት ይመልሳል። እኔንም በወረቀት ነው የሚያናግረኝ» አለኝ። ቆሞ ብዙ ነገር ነገረኝ። ዶርማቸው ስምንት ሰው ነው፤ ተደራራቢ አልጋ። መብራቱ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አይጠፋም፤ ስፒከር አለ፤ ካርታ አለ። ልጁ ሲብስበት ተነሥቶ ስፔስ ይሄድና ዴስክ ላይ ተደፍቶ ያድራል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ዘዴ አበጁ። አንድ ደብተር በሲባጎ ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩ። ልጁ የሚፈልገውን እዚያ ላይ ይጽፋል፤ ጓደኛው ሲገባ ያነባል። የካፌ ሰልፍ እንደማይሆንለት ስላወቀ ደግሞ ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ነው ይዞት የሚሄደው። ሚል ካርዱንም እሱ ነው የሚይዝለት፤ ሁለት ጊዜ ስለጠፋበት።

እኔ ምን ብዬ መለስኩ? «ደንብ ነው። ለአንድ ተማሪ ተብሎ ደንብ አይለወጥም»። ልጁ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ዊዝድሮዋል ሞልቶ ወጣ። ምን እንደነበረበት አላውቅም። ማንም አልመረመረውም። እኔ ራሴ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ከሕፃናት ጋር ብቻ ነበር የማያይዘው።

ርእሱን ልብ አድርጋችኋል? ጉዱ ካሣ! ካሣ ዳምጤ የሚባለውን ሰው፣ ነገሩ እንደ ሌላው ሰው ስላልሆነ «ጉዱ» ብሎ ስም ያወጣለት ኅብረተሰብ ስንት ሰዓት ሙሉ ስተቸው ኖሬያለሁ። በዛብህ ቀርቦት ወዳጅ ማድረጉን እንደ አስተዋይነት ቆጥሬ አስተምሬያለሁ። ጉዱ ካሣ ኦቲዝም ነበረበት ልል አይደለም፤ እንዲህ ያለ አነባበብ ልቦለዱንም ሰዎቹንም አይጠቅም። የምለው ሌላ ነው። ወረቀት ላይ ያለውን እንግዳ ሰው እንወደዋለን፤ ዶርም ውስጥ ያለውን «ንክ» እንለዋለን። እኔም ወረቀቱን ይዤ በሩ አጠገብ ያለውን አባረርኩ።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ሁለተኛው ምሽት ላይ ኮሌጁ ለቴምፕል ዐይነ ስውር የሆነች የክፍል ጓደኛ ይመድብላታል፤ አሊስ ትባላለች። ሁለቱ ይስማማሉ። ፊልሙ ብዙ ጊዜ አይሰጠውም፤ ለእኔ ግን ከሽልማቱም ከማሽኑም በላይ የፊልሙ እምብርት እሱ ነው። አሊስ «ወደኔ ዙሪ» አትልም። ፊት አትፈልግም፤ ድምፅ ይበቃታል። አንደኛዋ ማየት፣ ሌላዋ መታየት ነው ያቃታቸው፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ክፍሉ ለሁለቱም የሚኖሩበት ይሆናል። ዳይሬክተሩ እዚህ ላይ ትንሽ ቢቆይ ምን ነበረበት?

አዘጋጁ ሌላውን አሳምሮታል። ቴምፕል በሥዕል ነው የምታስበው፤ አንድ ቃል ስትሰማ ሥዕሎቹ በስክሪኑ ላይ ይሮጣሉ፤ እኛም አብረን በሷ ጭንቅላት እናያለን። የድምፁ ሥራ ደግሞ የሚገርም ነው፤ ለሌላው ሰው ምንም ያልሆነ የዘወትር ጩኸት ለሷ እንዴት የመጋዝ ያህል እንደሆነ ጆሮ ውስጥ ይገባል። የካፌያችንን ብረት ሰሐን ኳኳታ አስታወስኩ። አስተማሪዋ ዶክተር ካርሎክም አለ፤ ዴቪድ ስትራተርን ተጫውቶታል። እንዴት እንደምታስብ ለማወቅ የሚጠይቃት እሱ ነው። ቀናሁበት።

ከፊልሙ ጋር የምጣላው በአንድ ነገር ነው። መያዣዋን ለማስመለስ ጥናት መሥራት ነበረባት። እንዲያ ማስረዳት ባትችልስ? ማሽኑ እንደተነሣ ይቀር ነበር፤ እሷም እናቷ ቤት። «ሬይን ማን» እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣ ወዲህ፣ ደስቲን ሆፍማንም ኦስካሩን ከወሰደበት ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ሰው በፊልም ሲመጣ በአንድ እጁ ተአምር ይዞ መምጣት አለበት። ቁጥር ይቆጥራል፤ ወይም የአሜሪካን የከብት ኢንዱስትሪ ይለውጣል። ተአምሩን ሲያሳይ እናጨበጭባለን፤ ቦታም እንለቅለታለን። ቦታው ግን የተአምሩ ዋጋ ነው እንጂ የሰውየው አይደለም። እኔ ተማሪዬ ዘንድ ተአምር አላየሁም። ከመቶ ስድሳ የሚያገኝ ልጅ ነው። ሲ ይበቃው ነበር። ሲ እንዲያገኝ ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ሰው «በጽሑፍ መልስ» እንዲለው ብቻ ነበር።

የእህቴን ልጅ ይህን ስነግራት ሳቀች። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ኮርስ አለን» አለችኝ። እውነቷን ነው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ተመልሰው ሲመጡ «ኢንክሉሲቭነስ» የሚባል ተጨምሯል፤ አካታችነት መሆኑ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ አልነቅፍም። እሷ የተማረችው በትልቅ አዳራሽ፣ ማይክሮፎኑ እየጮኸ ነው። ውጤቱ የተሰጠው በግሩፕ አሳይመንትና በፕረዘንቴሽን። «አይ ኮንታክት ነበረው?» ብዬ ጠየቅኋት። «አምስት ነጥብ» አለችኝ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ስለ ግሩፕ ካነሣን፣ አንድ ለአምስት የሚባለውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አምስት ተማሪ በአንድ ጎበዝ ሥር ይደራጅ፤ ይገማገም፤ ሪፖርት ይጻፍ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ በየስብሰባው ተተረተ። እኔ እንደ መምህር ያየሁትን ልናገር፤ መናገር ለሚችለው ተማሪ የወሬ ቦታ፣ ለዝምተኛው ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን የመጋለጫ መድረክ ነበር። እንደ እኔ ተማሪ ያለው ልጅ ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ፤ እሱ የለም። ሰው በዝርዝር ተመድቦ ጓደኛ አይሆንም።

ታዲያ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ የት ነው ሰው የሚሆነው? ዐይኔን ገልጬ ያየሁት ማስተማር ካቆምኩ በኋላ ነው። አንዳንዱ ግቢ ጉባኤ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ጀመዓ ውስጥ፣ አንዳንዱ ፌሎሺፕ ውስጥ። ከመሃል ሆኖ የሚሰብከው አይደለም እሱ። ከበሮውን አውጥቶ የሚመልሰው ነው፤ ምንጣፉን የሚያነጥፈው፣ ወንበሩን የሚደረድረው። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ የሚታወቅ ሥራ አለው። ማንም «ተጫወት እንጂ፣ ምነው ዘጋኸን?» አይለውም። ከሥራው ጎን ለጎን ቀስ ብሎ ሰው ይለምደዋል፤ እሱም ሰው ይለምዳል። አንድ ሳምንት ሲቀር ደግሞ «ከበሮው የታለ?» ተብሎ ይፈለጋል። መፈለግ ቀላል ነገር አይደለም። የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ጠርቶ ያላገኘውን፣ ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ሳያውቁት ይዘውታል። ችግሩ፣ ሃይማኖተኛ ላልሆነው ልጅ ይሄ በር የለም። ቤተ መጻሕፍቱም፣ ክበቡም፣ የግቢው አትክልት ቦታም እንዲህ ያለ ሥራ ሊሰጡ ይችሉ ነበር።

ደግሞ አዲስ ነገር ፍጠሩ አልተባልንም። እኔ ስድስት ኪሎ በተማርኩበት ዘመን ለዐይነ ስውራን ተማሪዎች ማንበብ የተለመደ ነገር ነበር። ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አካባቢ ቁጭ ብሎ አንዱ ያነባል፤ ሌላው በብሬይል ይወጋል። አዋጅ አላዘዘንም፤ ነጥብም አላገኘንበትም። እንዲያውም እኔ ያነበብኩለት ልጅ ፈተና ላይ በልጦኛል፤ ጮክ ብዬ ሳነብ እሱ ይሰማ ነበር፣ እኔ ግን እያነበብኩ ሌላ አስብ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅንበት ዱላውን ስላየነው ነው። ነጭ ዱላ ለሌለው ለማን እናንብብ? ፊደል ለሚገለባበጥበት፣ ተቀምጦ አሥር ደቂቃ መስማት ለሚያቅተው፣ ጩኸት ለሚያመው?

እንዲህ ያሉትን ሁሉ ባንድ ላይ የምንጠራበት ቃል እንኳ ገና አላበጀንም። ፈረንጆቹ «ኒውሮዳይቨርሲቲ» የሚለውን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይዘውታል፤ ብዙ ጊዜ ከአውስትራሊያዊቷ ጁዲ ሲንገር ስም ጋር ይነሣል። «የአእምሮ ብዝኃነት» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። አይጥመኝም፤ የስብሰባ አጀንዳ ይመስላል። እኔ «አእምሮው በሌላ መንገድ የሚሄድ» እላለሁ፤ ረዘም ይላል፤ ግን አይሳደብም። «ጀዝባ» አጭር ነው።

ልጆቹ ደግሞ እየመጡ ነው። ዘሚ የኑስ ልጇን ይዛ «ጆይ» የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከዚያ በፊት ስንቱ እናት ልጇን ጓዳ ደብቃ እንደኖረች የሚያውቅ ያውቃል። ያኔ ሕፃን የነበረ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ኦቲዝም በብዙ መልክ ይመጣልና ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይገባል ማለት አይደለም፤ የሚገባው ግን አለ። ከገቡት መካከል አብዛኞቹ ማዕከል የሚባል ደጅ ያልረገጡ፣ ስማቸው ያልታወቀላቸው ናቸው።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ተቋማት አካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች ሁኔታዎችን እንዲያመቻቹ ይል ነበር፤ የተቻለውን ያህል የሚል ማምለጫ ተጨምሮበት። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1152 ተተክቷል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 የከፍተኛ ትምህርትን ስም ጠርቶ ያነሣል። ወደ ተግባሩ ስትመጡ ግን «ማስረጃ አምጣ» ነው። ማስረጃው ከሐኪም ነው። ሐኪሙ ግን፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ካላችሁ፣ ትልቅ ሰውን ለዚህ የሚመረምር ማግኘት ቀላል አይደለም። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ቆሞ ስለ ራሱ ማስረዳት የማይችለው ልጅ ደግሞ፣ መስኮቱ ላይ ቆሞ ስለ ራሱ እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

አሜሪካ ውስጥ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ማርሻል ዩኒቨርሲቲ ከ2002 ጀምሮ ኦቲዝም ላለባቸው ተማሪዎቹ የተለየ የድጋፍ ፕሮግራም አለው። ባለሙያ አለው፤ በጀት አለው። እኛ ዘንድ ገንዘቡ ይቆየን እንበል። «ፕረዘንቴሽን በቃል ወይም በጽሑፍ» የሚል አንድ መስመር ኮርስ አውትላይን ላይ ለመጨመር ስንት ብር ያስፈልጋል? የክፍል ለውጥን ከአንድ ቀን በፊት ለመለጠፍስ? ከየሕንፃው አንድ ዶርም ሌሊት አራት ሰዓት ላይ መብራት የሚጠፋበት ነው ብሎ ለፕሮክተሩ መንገርስ? ፈልጎ የሚገባበት ሞልቶ ይተርፋል፤ ማስረጃም አይጠየቅ፣ ስምም አይለጠፍ። ተማሪዬ ሐኪም አላስፈለገውም ነበር ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ እስኪገኝ ድረስ ግን ያ ደብተር በሲባጎ ታስሮ ነበር፤ እኔ ነኝ ማንበብ ያልፈለግኩት። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻውን የተማሪዎች ዲን፣ አማካሪና ሐኪም ሆኖ ሲሠራ፣ ደመወዝ የሚከፈለን ሰዎች ደንብ እንጠቅስ ነበር።

ያን የዶርም ጓደኛ ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ላይ አገኘሁት። «ቲቸር!» ብሎ እጄን ያዘ። አሁን እሱም መምህር ነው። ስለ ልጁ ጠየቅኩት። አገሩ ነው፤ አጎቱ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ዕቃ ይመዘግባል። «ይደውልልሃል?» አልኩት። «አይደውልም፤ ቴክስት ነው» አለና ስልኩን አወጣ። «ቁጥሩን ልስጥዎት?»

ተቀበልኩት። ሦስተኛው ምሽት ላይ ፊልሙ አለቀ፤ ስልኬን አነሣሁ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። እስካሁን ስድስት ጊዜ ጀምሬያለሁ።